በቆሎ የጠገበች ዶሮ ለምን ስስ እንቁላል ትጥላለች?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ለዶሮ መጀመሪያ የሚበተነው በቆሎ ነው። ኃይል በመስጠት የሚስተካከለው እህል የለም፤ አንዱ ኪሎ 3,300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የሚመጠነው መኖ ግን 2,800 ገደማ ይበቃዋል። ዶሮ በአመዛኙ የምትበላው የኃይል ፍላጎቷ እስኪሟላ ነው፤ በቆሎ ብቻ ሲቀርብላት ቶሎ ትጠግብና ፕሮቲኑና ማዕድኑ ሳይደርሳት ትቀራለች።

ከማዕድናቱ አብዝታ የምትፈልገው ካልሲየምን ነው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ይዟል። ከበላችው ወደ ሰውነቷ የሚዘልቀው ግማሹ ያህል ስለሆነ በቀን 4 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። 110 ግራም በቆሎ ግን የሚሰጣት 0.02 ግራም ብቻ ነው። በካልሲየሙ የተመሰገነው ዳጉሳ እንኳ በዚያው ልክ ቢሰጣት ከ0.4 ግራም አይዘልም።

የጎደለውን ከአጥንቷ ትበደራለች። መላ ሰውነቷ የያዘው ካልሲየም ግን 20 ግራም ያህል ነውና ብድሩ ብዙ አያስኬድም፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ መጣሏ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም እግሯ አልቆም ይላታል። በዓመት ከ60 የማይበልጥ እንቁላል የምትጥለው የሐበሻ ዶሮ ጓሮ ጭራ የምትለቅመው ሊያኖራት ይችላል። ከ300 በላይ የምትጥለውን ቦቫንስ ብራውን ገዝቶ አመጋገቧን እንደ ድሮው መተው ግን ግፍ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በቆሎው ላይ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርበታል፤ ለአንድ ኩንታል መኖ 300 ግራም ያህል ጨው ይበቃል። በበቆሎና በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ አብዛኛው ዶሮ ልትፈታው በማትችለው ውህድ የታሰረ ስለሆነ በሚገባ የበሰለና የተፈጨ አጥንት ያሻታል። ለካልሲየሙ የኖራ ድንጋይ አለ። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው ኖራ ግን ስለሚያቃጥላት አይሰጣትም። ድንጋዩ እንደ ዱቄት ባይደቅ ይመረጣል፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ሲሆን ደቃቅ ጠጠሩም እህል በምትፈጭበት ጡንቻማ ጨጓራ ቆይቶ በዚያው ሰዓት ቀስ እያለ ይሟሟል። ከሰዓት በኋላ በተለየ ዕቃ ቢቀመጥላት የሚበቃትን ራሷ ትለቅማለች። ድንጋዩ ካልተገኘ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅሎ፣ አድርቆና ሰባብሮ መስጠት ይቻላል።

መጣል ያልጀመረች ቄብ ግን ይህን ያህል ካልሲየም አይሰጣት፤ ኩላሊቷን ይጎዳል።