ብዙ መልስ ያለው ጥያቄና የሠንጠረዡ ሥርዓት

«ዜና የሚያገኙት ከየት ነው? ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል» የሚል ጥያቄ በመጠይቅ ላይ ሲሰፍር ለጠያቂው ቀላል፣ ለመላሹም የተመቸ ነው፤ ጭንቁ የሚጀምረው መልሱን ቆጥሮና በሠንጠረዥ ደርድሮ ለአንባቢ ማቅረብ ግዴታው በሆነበት ሰው ዘንድ ነው።

አኃዝ በሚበሳ ካርድ ይቆጠር በነበረበት ዘመን የአይ.ቢ.ኤም. ካርድ 80 ዓምድ፣ በየዓምዱም 12 የመብሻ ስፍራ ስለ ነበረው፣ ብዙ ለመለሰ ሰው በአንዱ ዓምድ ብዙ ቀዳዳ ይበሳለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ኖርማን ናይ፣ ሃድላይ ኸልና ዴል ቤንት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበራዊ ጥናት የደረሱት ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን አንዱን መልስ ከሌላው ለይቶ ማየት ይሻል። ስለዚህ ወይ ለእያንዳንዱ ምርጫ የራሱ ዓምድ ተሰጥቶ ለመረጠው 1፣ ላልመረጠው 0 ይጻፋል፤ ወይም የመጀመሪያው መልስ፣ ሁለተኛው መልስ እየተባለ በተከታታይ ዓምዶች ይሰፍራል፤ ከዚያም ዓምዶቹ የአንድ ጥያቄ መልሶች መሆናቸው ለፕሮግራሙ ተነግሮት በአንድ ስብስብ ስም ይጠራሉ።

ለምሳሌ ያህል 100 ሰዎች ተጠይቀው 70ው ሬዲዮ፣ 60ው ቴሌቪዥን፣ 45ቱ የእጅ ስልክ፣ 15ቱ ሌላ፣ 10ሩ ጋዜጣ ቢሉ፣ የመልሱ ድምር 200 ይሆናል። ሬዲዮ እንግዲህ ከሰዎቹ 70 በመቶ፣ ከመልሶቹ ግን 35 በመቶ ነው፤ ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ ከየትኛው እንደ ተሰላ በግርጌው ያልጻፈ ሰው አንባቢውን በድሏል። ከሰዎቹ የተሰላው ሲደመር 200 በመቶ መምጣቱን አይቶ ስሕተት አገኘሁ የሚል አለቃም አይጠፋም። የሚያጽናናው፣ በአንድ ዓምድ ውስጥ አካፋዩ ለሁሉም አንድ በመሆኑ በየትኛውም ቢሰላ ቅደም ተከተሉ አለመናወጡ ነው።

ፕሮግራሙን ከላቀው ወደ አነሰው ደርድር ቢሉት ያለ ማመንታት ይደረድራል፤ ነገር ግን ትርጓሜን ስለማያውቅ «ሌላ» የሚለውን፣ የብዙ ጥቃቅን መልሶች ክምችት የሆነውን፣ ከጋዜጣ በላይ ያስቀምጠዋል። ይህን ወደ ታች ለማውረድ የምርጫዎቹን ተራ በራስ እጅ ዘርዝሮ መስጠት ያስፈልጋል፤ ተራው በእጅ ከተዘረዘረ ደግሞ ፕሮግራሙ በራሱ መደርደሩን ይተዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያ በብዛት አስደርድሮ ተራውን ያያል፤ ቀጥሎ ያንኑ ተራ ይጽፍና «ሌላ»ን፣ ከእርሱም በታች «ምንም» የሚለውን ከመጨረሻ ያኖራል። ሠንጠረዡ ከተሜና ገጠሬ ተብሎ ቢከፈል ለሁለቱም የድምሩን ተራ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለየዓምዱ የየራሱን ተራ መስጠት ዓይንን ያዋልላል።

ጨርሶ መደርደር የማይገባው ሠንጠረዥም አለ። በገጠር ቤተሰብ ጥናት «ባለፈው ዓመት እህል ያነሰባችሁ በየትኞቹ ወራት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙ ወር ሊሆን ይችላል። በብዛት ቢደረደር ሐምሌና ነሐሴ ከላይ ቢወጡ የሚደንቅ አይደለም፤ ጎተራው ከየትኛው ወር ጀምሮ እየሳሳ እንደ ሄደና አዲሱ እህል መቼ እንደ ደረሰ ግን ከዓይን ይሰወራል፤ ስለዚህ ይህ ሠንጠረዥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በወራቱ ሥርዓት ይጻፋል፤ ትልቁን አኃዝ ማጉላት ያሻው ሰውም በደማቅ ቀለም ያትመዋል።