ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ሰሞኑን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ቤት 65 ኢንች ልሰቅል ሄድኩ። ከሶፋው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር እንኳ አይሞላም! ለእንዲህ ያለ ሳሎን 43 ይበቃል።

ለጌም ከሆነ መጀመሪያ ማጫወቻችሁን እዩ። ተራው ፕሌይስቴሽን 4 ከ1080 አያልፍም፤ ፎር ኬ ቲቪ ብትገዙለትም ጌሙ ያው ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ያላችሁ ግን ኤችዲኤምአይ 2.1 እና 120 ኸርዝ ያለውን ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የኸርዝ ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ የስክሪኑ የራሱ መሆኑን ጠይቁ። «ጌም ሞድ» ካልበራ ደግሞ ቁልፉን ተጭናችሁ ኳሷ ዘግይታ ነው የምትመታው።

መገናኛ ሱቆች ውስጥ ሁሉም ቲቪ ደምቆ ያምራል። ጨለማ የበዛበት ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ተዉት። የስታቢላይዘሩንም ዋጋ አብራችሁ ያዙ፤ መብራት ሄድ መጣ ሲል ቀድሞ የሚቃጠለው ፓወር ቦርዱ ነው።