ከነገራ እስከ ዘረፋ

መካነ ሰላም ላይ አንድ ወጣት ግጥም ጽፎ ቢጨርስ ለማን ያሰማዋል? ቤተሰቡ «ጎበዝ» ይሉታል፤ ጓደኞቹም እንዲሁ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ለበዓል ዝግጅት ከጠራው መድረክ ላይ ወጥቶ ያነብባል፤ ይጨበጨብለታል። ሦስተኛው ስንኝ ለምን እንደተልፈሰፈሰ፣ ቤት መምቻው ለምን ጆሮ እንዳልያዘ የሚነግረው ሰው ግን አያገኝም። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ቢሄድም ዕድሉ ብዙ አይለወጥም። የሚቆጨኝ ይህ ወጣት የተወለደው ድርሰትን በየቀኑ እየሰሙ፣ እያረሙ ማሳደግን ጠንቅቆ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ባለበት አገር መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅኔ ቤት ይባላል። ዛሬ የደራስያን ማኅበራት ሥልጠናና ውድድር እያሉ የሚያዘጋጇቸው ሁለት ነገሮች እዚያ ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ስማቸው ነገራና ዘረፋ ነው።

የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ቦረናው፣ ሳይንቱ፣ ለጋምቦው፣ ወገዲውና ከላላው፣ በድርሰት ታሪክ ውስጥ ዳር አገር ሆኖ አያውቅም። መጽሐፈ ሰዓታትን፣ አርጋኖንንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ የቦረና ሰው ነው፤ ሸግላ ተወለደ፣ የሚጠራውም በዚያው በቦረና ባለው በጋስጫ ገዳም ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖረው ይህ ደራሲ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ሲላክ ለሰባት ዓመት ፊደል እንኳ አልገባው ብሎ፣ ለማኅበሩ እህል እየፈጨ በጸሎት እንደተጋ በትውፊት ይነገራል። በአማራ ሳይንት ደግሞ ዐፄ ገላውዴዎስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደከሙላት ተድባበ ማርያም አለች። ከእነዚህ ደብሮችና ገዳማት ዙሪያ ተማሪና መምህር ተለይቶ አያውቅም።

ቅኔን በተመለከተ ሊቃውንቱ ሦስት ቤቶችን ይጠራሉ፤ ከጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ ከወሎ ዋድላ። በአገባብ ሥርዓትና በምሥጢር አመራር ይለያያሉ፤ ተማሪውም የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ሲጠየቅ ኮራ ብሎ ይናገራል። የቦረናና የሳይንት ልጅ ለሁለቱም አቅጣጫ ቅርብ ነው። በምዕራብ ዓባይን ከተሻገረ ጎጃም ይገባል፤ በሰሜን በሽሎን ከተሻገረ ወደ ዋድላ ይዘልቃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ባገኘው ቁራሽ እየኖረ ይማራል። የሚያበላው የአገሩ ገበሬ ነው፤ የቅኔ ትምህርትን ወጪ ለዘመናት የሸፈነው ይህ ሕዝብ ነውና ስሙ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም።

ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ንባብና ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው። መጀመሪያ የግእዝ ግሥ ያጠናል፤ ከ«ቀተለ» ጀምሮ አርእስቱን እየያዘ ዘሩን ያወርዳል፣ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ይቀጽላል። ድርሰት የሚጀምረው ከሁሉ አጭር ከሆነው ከጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ከእርሱ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይሻገራል። እያንዳንዱ የራሱ ዜማ ስላለው ልኩ የሚታወቀው በጆሮ ነው። የቀለም ብዛት የጎደለበት ወይም የተረፈበት ስንኝ ዜማው ላይ ሲወጣ ይደናቀፋል፤ ማንም ሳይነግረው ተማሪው ራሱ ይሰማዋል። ሁለት ቤት በሚገባ ያልሠራ ስምንት ቤት አይሰጠውም። ብዙ የዛሬ ጀማሪ ገጣሚ ግን ከረጅሙ ይጀምራል፤ አርባ ስንኝ ጽፎ አንዱንም ሳያጠራ ይቀራል።

የቅኔ ቤት ውሎ እንዲህ ነው። የኔታ ለተማሪዎቻቸው የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ማለትም ደርሰው ያሰማሉ፤ ሰሙን፣ ወርቁን፣ የተነሣበትን ታሪክና የቃላቱን አገባብ ይተነትናሉ። ተማሪው ያንን ይዞ በማግስቱ ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከካብ ጥግ ይቀመጣል። ወረቀትም ብዕርም አይዝም። ቃል ከቃል እያጋጨ፣ እያነሣ እየጣለ፣ በልቡ ይደርሳል፤ ይህ «ቅኔ መቁጠር» ይባላል። የሚቆጥር ተማሪ በመንገድ ሲያልፉ ሰላም ቢሉት ላይሰማ ይችላል፤ የአገሬው ሰውም ስለሚያውቀው አይቀየመውም።

ከዚያ ነገራ ይመጣል። ተማሪው ያዘጋጀውን ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ ቅኔውን በቃሉ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፤ ቤቱ ካልመታ ያስመቱታል፣ አገባቡ ከፈረሰ ያቀኑታል፣ ምሥጢሩ ከሳሳ ይጠይቁታል። ተማሪው ሲበዛ ቀደም ያሉት ደቀ መዛሙርት የጀማሪዎቹን ይሰማሉ፤ እነዚህ አስነጋሪ ይባላሉ። አስነጋሪ በመሆኑ እርሱም ይማራል፤ የሌላውን ስሕተት መለየት የራስን ስሕተት ለማየት ጆሮ ያበጃልና። ተራውን የሚጠብቀውም ተማሪ የጓደኛውን እርማት እየሰማ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፤ የትናንቱ ታርሞ አልቋል።

ነገራ ምን እንደሚሠራ በግእዝ ብገልጸው ለብዙ አንባቢ ስለሚርቅ፣ ለዚህ ጽሑፍ ስል በአማርኛ ሁለት ስንኝ ልሞክር። አንድ ጀማሪ ከላላ የሚለውን የአገር ስም ይዞ ኅብር፣ ማለትም ሁለት ፍቺ የሚሰጥ ቃል፣ ሊሠራ ፈለገ እንበል።

ወዳጄን ፍለጋ ስዞር የኖርሁ ሰው፣
አሁን ከላላማ እዛው መቅረቴ ነው።

ቤቱ መትቷል፤ ልኩም ደኅና ነው። የኔታ ግን «ምኑ ነው የላላው?» ብለው ይጠይቁታል። ተማሪው መልስ የለውም። «ከላላ» የሚለው ቃል አገርም ነው፣ የጠበቀ ነገር መላላቱንም ይናገራል፤ እርሱ ግን የሚላላ ነገር አላስቀመጠም። ስለዚህ ስንኙ የያዘው አገሩን ብቻ ነው፤ ኅብሩ አልተሠራም። ሄዶ ይቆጥራል፤ ይመለሳል።

የፍቅራችን ገመድ ጠብቆልን የኖረው፣
አሁን ከላላማ እዛው መቅረቴ ነው።

አሁን ገመድ መጣ፤ ጠብቆ የኖረው ከላላ፣ አፍቃሪው ወደ ወዳጁ መመለሱን ተወ ማለት ሆነ። ከላላ ወረዳ የሄደውም እዚያው ሊቀር ነው። የኔታ ግን አሁንም አይለቁትም፤ «ከላላ መሄዱን አድማጭ በምን ይወቅ?» ይሉታል። እውነት ነው፤ የመንገድ ፍንጭ የለበትም። ሦስተኛውን ሙከራ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ልብ ይበሉ፤ መምህሩ አንድም ቃል አልሰጡትም፣ ስንኙን አልጻፉለትም፣ «አያምርም» ብለውም አላሰናበቱትም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ግጥም ከሚማሩባቸው መንገዶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም።

ሌላው የቅኔ ቤት ጥንካሬ ሥራው ለመድረክ፣ ማለትም ለዘረፋ፣ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። በእሑድና በበዓል ማኅሌት ቅኔ የሚባልበት ቦታ የተወሰነ ነው። አለቃው የሚቀኘውን ይጋብዛሉ፤ ዘራፊው ስንኙን ይሰጣል፣ ተቀባዩ በዜማ ያነሣዋል። ቅኔው ለዚያ ቀን የተቆጠረ አዲስ መሆን አለበት፤ ካለፈው ዓመት ወይም ከሌላ ሰው የተወሰደ ከሆነ ነውር ነው። ሰሚዎቹ ራሳቸው ቅኔ ያውቃሉ፤ ምሥጢሩ ሲመታ «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ሲጎድል ዝም ይላሉ፤ ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ዳኝነት የለም። አንዱ ሊቅ በቅኔው ሌላውን ቢወጋ የተወጋው በቅኔ ይመልሳል። ነገሥታትና መሳፍንት ባማረ ቅኔ ሹመትና ርስት ሰጥተዋል፤ ሽልማቱ ግን የሚገኘው አስቀድሞ በነገራ ለዓመታት የታረመ ሰው ዘንድ ነበር። ውድድሩ የትምህርቱ ፍሬ ነው እንጂ ምትኩ አልነበረም።

ይህ ተቋም ጉድለት የለውም አልልም። ከሁሉ የከፋው ሴት ልጅን ከደጅ ማስቀረቱ ነው። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ማስተማራቸው ምን ያህል ሴቶች እንደቀሩብን ያሳያል። ደግሞም ቅኔ የግእዝና የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቦረናና ለጋምቦ ግን የሙስሊሙም አገር ናቸው። በዚያ ወገን መንዙማ አለ። እነ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ግጥም ጽፈው ትተዋል፤ በመንዙማው መድረክ፣ በሐድራው፣ ድቤ እየተመታ አንዱ ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል። እዚያም ተቀባይ አለ፣ እዚያም ግጥሙ ከጆሮ ወደ ጆሮ ይተላለፋል። የወሎ ወጣት ከሁለቱም መማር ይችላል።

ዘመናዊው የግጥም ውድድር ከቅኔ ቤት ጋር በአንድ ትልቅ አጋጣሚ ተገናኝቷል። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ይወዳደሩ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈበት ዓመት፣ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን አሰማ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም»ን ይዞ ወጣ። የዚያ ትውልድ ተማሪዎች ግጥሙን በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። ገሞራው የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ቅኔ ቆጥሮ ያደገ ሰው ነው። ያንን ረጅም ግጥም አንድም ስንኝ ሳይዝል እስከ መጨረሻው የተሸከመው በሁለት ቤት የተገራ ጆሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ መድረኩ በዝቷል። በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር አለ፤ በአዲስ አበባ ግጥም በጃዝ ብዙ ወጣት አሰባስቧል፤ በየከተማው የግጥም ምሽት ይዘጋጃል። ደስ ይለኛል። ሆኖም አብዛኛው ዘረፋ ነው፤ ነገራው ጎድሏል። ጸሐፊው ሥራውን የሚያቀርበው ካለቀ በኋላ ነው፤ የሚያገኘውም ጭብጨባ ወይም ደረጃ ነው። ባሕር ማዶ ይህንን ክፍተት ቀድሞ ያየው የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. በጀመረው የደራስያን ሥልጠና ጸሐፊዎች ያላለቀ ሥራቸውን ለክፍሉ ያካፍላሉ፤ ጓደኞቻቸው አንብበው ይተቹታል፣ መምህሩ ይመራል። ዓለም ሁሉ የቀዳው ይህን ነው። እኛ ከሩቅ መቅዳት አያስፈልገንም፤ አስነጋሪ ማለት ይህንኑ ሥራ ለዘመናት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

መካነ ሰላም ላይ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢም አለ። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ለማቋቋም ገንዘብ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ አንድ ክፍልና አንድ የሚሰማ መምህር ይበቃል። የከተማውን የቅኔ መምህር መጋበዝ ይቻላል፤ የመንዙማ አዋቂውንም እንዲሁ። አባላቱ በመጀመሪያው ወር ከሁለት ስንኝ በላይ አይጻፉ። ወረቀት ከማውጣታቸው በፊት በቃላቸው ይንገሩት። የሰሚው ሥራ መጠየቅ ብቻ ይሁን፤ የሌላውን ስንኝ መጻፍ የተከለከለ ይሁን። የቆዩት ለአዲሶቹ አስነጋሪ ይሁኑ፤ ሴቶች ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአስነጋሪነት ይቀመጡ። ውድድሩ ከአንድ መንፈቅ በኋላ ይምጣ፤ ግጥሙም ለዚያ ቀን አዲስ የተጻፈ ይሁን። ዳኞቹ ነጥብ ሰጥተው ብቻ አይነሡ፤ ላላሸነፉት ለእያንዳንዳቸው ሊመልሱት የሚገባቸውን አንድ ጥያቄ ጽፈው ይስጧቸው።