አጎበር መቀየር

አጎበር መቀየር ማለት ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም የኬሚካል ኃይሉን የጨረሰ የአልጋ አጎበርን አውርዶ በቦታው አዲስ መስቀል ነው። አጎበር የተኛን ሰው ከወባ ትንኝ ንክሻ የሚከላከል ስስ የመረብ ጨርቅ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ወባን ለመከላከል ከሚያገለግሉ ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነው። አንድ አጎበር መቀየር ያለበት መቼ እንደሆነ የሚታወቀው ከተሰጠበት ዓመት ብቻ ሳይሆን ከቀዳዳዎቹ ብዛትና ስፋት ጭምር ነው። ጉዳዩ በአማራ ክልል በሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በዋና ከተማው በከሚሴ ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች በየጊዜው የሚያጋጥም የቤት ውስጥ ሥራ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች በአብዛኛው ለወባ የተጋለጡ ተብለው ስለሚመደቡ፣ ከተማዋም ሆነች በዙሪያዋ ያለው ቆላማ ሜዳ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ዞኑ ከከሚሴ ከተማ ሌላ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ ደዋ ሐረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን ያቀፈ ነው።

የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ በከሚሴ አቅራቢያ ያለውን የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ አቋርጦ ወደ አዋሽ ያመራል። የወባ ትንኝ የምትራባው በሚፈሰው ወንዝ መካከል ሳይሆን ዝናብና ጎርፍ ትተውት በሚሄዱት የተኛ ውኃ ውስጥ ነው፤ የከብት ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የመስኖ ቦይ ዳርና አፈር የተቆፈረበት ቦታ ይመቿታል። ስለዚህ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ የበልግ ዝናብን ተከትሎ በሚያዝያና በግንቦትም ዳግም ከፍ ይላል። አጎበርን ለመመርመርና ለመቀየር የሚመረጠው ጊዜ ከእነዚህ ወራት በፊት ያለው ነው።

በበጋ የጨፋ ሜዳ ከዞኑና ከአፋር በኩል የሚመጡ ከብት አርቢዎች የሚሰባሰቡበት የግጦሽ ቦታ ነው። ከከብቶቹ ጋር ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ግድግዳና ጣሪያ ስለማይኖራቸው፣ አጎበር የሚሰቅሉት በአራት ማዕዘን በተተከሉ እንጨቶች ላይ ይሆናል።

አጎበር እንዴት ይሠራል

አጎበር በሁለት መንገድ ይከላከላል። የመጀመሪያው ግርዶሽነቱ ነው፤ የመረቡ ዐይን አየር ያሳልፋል እንጂ ትንኝ አያሳልፍም። ሁለተኛው ኬሚካሉ ነው። አሁን የሚታደሉት አጎበሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ፓይሬትሮይድ በሚባሉ ፀረ-ነፍሳት ኬሚካሎች የታከሙ ናቸው። በፖሊስተር አጎበሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ዴልታሜትሪን ክሩን በላዩ ይሸፍነዋል፤ በፖሊኢትሊን አጎበሮች ላይ ደግሞ እንደ ፐርሜትሪን ያለው ኬሚካል ከክሩ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሠራ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። አጎበሩ ላይ ያረፈች ትንኝ ትሞታለች ወይም ሳትናከስ ትሸሻለች። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት አጎበር በሚጠቀምበት መንደር የትንኞቹ ቁጥር ራሱ ስለሚቀንስ፣ አጎበር የሌለው ጎረቤትም በመጠኑ ይጠቀማል።

በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌሌስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ናት። ሰውንም ከብትንም ትናከሳለች፤ ሰው ከመተኛቱ በፊት አመሻሹ ላይ ከቤት ውጭ የምትናከስበት ጊዜም አለ። አጎበር ብቻውን ሁሉንም ንክሻ የማያስቀረው፣ ከቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭትና የተኛ ውኃን ከማፋሰስ ጋር አብሮ የሚሠራበትም ምክንያት ይህ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ለብዙ ዓመታትም ዋናው መከላከያ የዲዲቲ ርጭት ነበር። በኬሚካል የታከሙ አጎበሮች በብዛትና በነጻ ለቤተሰቦች መታደል የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 20 ሚሊዮን ገደማ አጎበሮች ተሰራጭተዋል። ሥርጭቱ በተለይ በየቀበሌው ባሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚያ በኋላ የወባ ሕመምና ሞት ለዓመታት ቢቀንስም እንደገና አንሠራርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

አጎበር መቼ ይቀየራል

አንድ አጎበር ሲሠራ 20 ጊዜ ያህል ታጥቦና 3 ዓመት ያህል አገልግሎት ሰጥቶ እንዲቆይ ታስቦ ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ አጎበሮች 3 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚቀደዱ አሳይተዋል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፦ ሻካራ የአልጋ እንጨት፣ ሚስማር፣ አይጥ፣ የምድጃ ፍንጣሪና የኩራዝ እሳት፣ እንዲሁም ጠርዙን አጥብቆ መጎተት። በአንድ ክፍል ውስጥ ተበስሎ በሚታደርበት ቤት ደግሞ ጭስ አጎበሩን ስለሚያጠቁረው ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፤ ይህም ኬሚካሉን ይጨርሰዋል።

የአጎበርን ጉዳት ለመለካት የዓለም ጤና ድርጅት ቀላል ስሌት ያቀርባል። ቀዳዳዎቹ በአራት መጠን ተከፍለው ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ መጠንም የራሱ ማባዣ አለው፦

• አውራ ጣት የማያሳልፍ (ከ0.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር)፦ በ1 ይባዛል
• አውራ ጣት እንጂ ጡጫ የማያሳልፍ (ከ2 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር)፦ በ23 ይባዛል
• ጡጫ እንጂ ጭንቅላት የማያሳልፍ (ከ10 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር)፦ በ196 ይባዛል
• ጭንቅላት የሚያሳልፍ (ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ)፦ በ576 ይባዛል

ድምሩ እስከ 64 ከሆነ አጎበሩ ደህና ነው፤ ከ65 እስከ 642 ከሆነ ተጎድቷል፣ ግን ያገለግላል፤ 643 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መቀየር አለበት። ለምሳሌ 5 የመጀመሪያው መጠን፣ 3 የሁለተኛው መጠንና 1 የሦስተኛው መጠን ቀዳዳዎች ያሉበት አጎበር ድምሩ 5 + 69 + 196 = 270 ስለሚሆን ተሰፍቶ ይቀጥላል። በአንጻሩ 1 ጭንቅላት የሚያሳልፍና 3 አውራ ጣት የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ያሉበት አጎበር 576 + 69 = 645 ስለሚደርስ ጊዜው አልፏል። ከስሌቱ እንደሚታየው፣ አንድ ትልቅ ቅዳጅ ከብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች የበለጠ ይጎዳል። ትንሹን ቀዳዳ ሳይሰፋ በመርፌና በክር መድፈን የአጎበሩን ዕድሜ የሚያራዝመውም ለዚህ ነው፤ መስፋት ግን ያለቀውን ኬሚካል አይመልስም።

የአቀያየር ቅደም ተከተል

1. አዲሱ አጎበር ከማሸጊያው ወጥቶ ለ24 ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይናፈሳል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማውን የቆዳና የዐይን ማሳከክ ይቀንሳል። ፀሐይ ኬሚካሉን ስለሚጎዳ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ከነካኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።
2. አሮጌው የሚወርደው አዲሱ ለመሰቀል ዝግጁ ሲሆን ነው፤ በመሐል አንድም ሌሊት ያለ አጎበር ማደር አይገባም። ገመዶቹ ደህና ከሆኑ ለአዲሱ ያገለግላሉ።
3. አሮጌውን የቀደደው ነገር ይፈለጋል። የወጣ ሚስማር ይነቀላል ወይም ይመታል፤ ሻካራ እንጨት ይላጋል ወይም በጨርቅ ይጠቀለላል። ይህ ካልተደረገ አዲሱም በዚያው ቦታ ይቀደዳል።
4. አራት ማዕዘን ያለው አጎበር በአራቱ ማዕዘኖቹ ይታሰራል፤ ክብ አፍ ያለው ሾጣጣ አጎበር ደግሞ ከጣሪያው በአንድ ነጥብ ይንጠለጠላል። ጠርዙ በዙሪያው ከፍራሹ፣ ከሰሌኑ ወይም ከቁርበቱ ሥር ለመጠቅጠቅ በሚበቃ ቁመት ይሰቀላል። መደብ ላይ በሚተኛበት ቤት ከግድግዳው በኩል ያለው ጠርዝ ተዘንግቶ ክፍት እንዳይቀር ይታያል።
5. የተሰቀለበት ወርና ዓመት ምልክቱ ላይ ይጻፋል። ቀን ቀን አጎበሩ ተጠቅልሎ ከእሳትና ከሕፃናት መጫወቻ ርቆ ይታሰራል።

የሚመከረው አንድ አጎበር ለሁለት ሰው ነው። አጎበር በማይበቃበት ቤት ቅድሚያ የሚሰጠው ነፍሰ ጡር ሴቶችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲተኙበት ነው፤ በወባ ይበልጥ የሚጎዱት እነርሱ ናቸውና።

እጥበት

አጎበር በሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና አይገባበትም፣ ድንጋይ ላይም አይወቀጥም። በሦስት ወር ከአንድ ጊዜ በላይ ባይታጠብ ይመረጣል። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። ኬሚካሉ ዓሣንና ሌሎች የውኃ ውስጥ ፍጥረታትን ስለሚገድል አጎበር ወንዝ ውስጥ አይታጠብም፤ እጣቢውም ከወንዝና ከምንጭ ርቆ ይደፋል።

የአሮጌው አጎበር ዕጣ

የተቀደደ አጎበርም ቢሆን ከባዶ አልጋ ይሻላል። ስለዚህ ምትክ እስኪገኝ ድረስ አይጣልም። ምትኩ ከተሰቀለ በኋላ ደህናው ክፍል ለሌላ አጎበር መጣፊያ ወይም ለመስኮት መከለያ ሊውል ይችላል። ዓሣ ለማጥመድ መጠቀም ግን የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ የመረቡ ዐይን ጠባብ በመሆኑ ጫጩት ዓሦችን ሳይቀር ይጠርጋል፣ ውኃውንም ይበክላል። አጎበርንም ሆነ ማሸጊያውን ሜዳ ላይ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ማሸጊያው ለእህል ወይም ለምግብ መያዣነትም አይሆንም። የሚሰበስብ አካል ከሌለ ከውኃ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል።

አዳዲስ ፈተናዎች

በኢትዮጵያ የወባ ትንኝ ፓይሬትሮይድን እየተላመደች መጥታለች። ለዚህም ፒፐሮኒል ቡቶክሳይድ የተጨመረባቸውና ክሎርፌናፒር የተባለ ሁለተኛ ኬሚካል ያላቸው አጎበሮች ተሠርተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የኋለኞቹን እ.ኤ.አ. በ2023 መክሯል።

ሌላው ፈተና አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ናት። ይህች ከእስያ የመጣች ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ በ2018 በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በተደረገ አሰሳ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ በዚሁ ዞን ያለችው ባቲ ናት። በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ የውኃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ ከረግረግ የራቀ የከተማ ቤትም አያመልጣትም። በመሆኑም ደህና አጎበር መስቀልና የውኃ ዕቃን መክደን ለጨፋ ሜዳ ዳር ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ለከተማው ቤተሰብም አስፈላጊ ሆኗል።