አሊ ዳኢ፦ ሁለት መዝገብ ያለው አጥቂ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሆኖ የ1999ኙን የባርሴሎና ምሽት የማያውቅ የለም። በቻምፒየንስ ሊጉ ፍጻሜ ባየር ሙኒክ በማሪዮ ባስለር ቅጣት ምት 1 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ዋንጫውን በላ ሲባል በባከነ ሰዓት ሼሪንግሃምና ሶልሻየር ነጠቁት። በዚያ ምሽት ከባየር ተቀያሪዎች መካከል አንድ ቁመተ ረጅም ኢራናዊ ተቀምጦ ነበር። አሰልጣኙ ኦትማር ሂትዝፌልድ መጀመሪያ ሾልን፣ ቀጥሎ ፊንክን፣ በመጨረሻም ሳሊሃሚድዚችን ቀይሮ አስገባ። ኢራናዊው አልገባም።

ያ ተጫዋች አሊ ዳኢ ነው፤ ለወንዶች ብሔራዊ ቡድን ብዙ ግብ በማስቆጠር ለ18 ዓመት ያህል የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ የቆየው። ለአገሩ 150 ሊሞሉ ጥቂት በቀራቸው ጨዋታዎች፣ በተለመደው ቆጠራ፣ 109 ግብ አግብቷል። በጀርመን ቡንደስሊጋ ደግሞ በ107 ጨዋታ 19 ግብ ብቻ። ስለ ዳኢ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ መዝገብ አንዱን ብቻ ይዞ ይነሳል። አድናቂው 109ኙን፣ ተቺው 19ኙን። እኔን የሚገርመኝ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ዳኢ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1969 በአርዳቢል ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አርዳቢል በኢራን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ በሳባላን ተራራ አቅራቢያ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ የነዋሪዋ የአፍ መፍቻም ፋርስኛ ሳይሆን አዘርኛ ነው። ልጁ አሥር ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ ፈነዳ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኢራቅ ጋር ስምንት ዓመት የፈጀው ጦርነት ተከተለ። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫውቶ አውሮፓ መሄድ ለአንድ የአርዳቢል ልጅ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ዳኢ የተማረውም ምሕንድስና ነው። ቴህራን በሚገኘው ሻሪፍ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በብረታ ብረት ምሕንድስና ተመረቀ። ሻሪፍ የኢራን ጎበዝ ተማሪዎች ተጋፍተው የሚገቡበት ተቋም ነው፤ አጥቂ ይወጣበታል ተብሎ የሚጠበቅ ቦታ አይደለም። በቴህራን ለታክሲራኒ፣ ከዚያ ለባንክ ቴጃራት ተጫወተ፤ ታላቁ ፐርሰፖሊስ የወሰደው በ1994 ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ24 ዓመቱ ነው። ብዙ አጥቂዎች በዚያ ዕድሜ ስማቸውን ተክለው ጨርሰዋል።

ስሙን ያስጠራው የ1996ቱ የእስያ ዋንጫ ነው። በሩብ ፍጻሜው ዱባይ ላይ ኢራን ደቡብ ኮሪያን ገጠመች። እረፍት ሲወጡ ኮሪያ 2 ለ 1 ትመራ ነበር። ከእረፍት መልስ ኢራን አምስት ግብ አከታትላ አገባች፤ አራቱ የዳኢ ነበሩ። 6 ለ 2። ዳኢን “የደካማ ቡድኖች ጀግና” የሚሉ ሰዎች ይህችን ጨዋታ ቢዘሏት አይገርምም፤ ኮሪያ በእስያ ሚዛን ደካማ የምትባል ቡድን አይደለችምና። ውድድሩን በስምንት ግብ በኮከብ ግብ አግቢነት ጨረሰ።

በ1997 ክረምት፣ በ28 ዓመቱ፣ ከኳታሩ አል ሳድ ወደ ጀርመኑ አርሚኒያ ቢሌፌልድ ተዛወረ። አማካዩ ካሪም ባገሪም አብሮት ሄደ። ኮዳዳድ አዚዚ ደግሞ ለኮሎኝ ፈረመ። ሦስት ኢራናውያን በአንድ ዓመት ቡንደስሊጋ ገቡ ማለት ነው። ዕድል ግን ከእነሱ ጋር አልነበረም፤ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ቢሌፌልድም ኮሎኝም ተያይዘው ወረዱ። ዳኢ በዚያ ዓመት ያገባው ሰባት ግብ ነው። ለሚወርድ ቡድን የሚጫወት አዲስ መጤ አጥቂ ሰባት ካገባ ሊሰደብ አይገባም፤ ሊሞገስም አይችልም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ሌላ ታሪክ ተሠራ። ለ1998ቱ የዓለም ዋንጫ የቀረችው የመጨረሻ ቦታ በኢራንና በአውስትራሊያ መካከል የምትለይ ነበረች። ቴህራን ላይ 1 ለ 1 ወጥተው የመልሱ ጨዋታ ሜልቦርን ላይ ተደረገ። አውስትራሊያ 2 ለ 0 እየመራች ሳለ አንድ ተመልካች ሜዳ ጥሶ ገባና የኢራንን የግብ መረብ ቀደደው። መረቡ እስኪጠገን ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። በኋላ ባገሪ አንዱን መለሰ። አራት ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ኳስ ዳኢ እግር ላይ ወደቀች። ራሱ ሊመታ አልሞከረም፤ የተከላካዮቹን መስመር ሰንጥቆ ወደፊት ለቀቃት። አዚዚ ሮጦ ደረሰባትና ከግብ ጠባቂው ከማርክ ቦስኒች ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ አስቆጠራት። 2 ለ 2፤ ከሜዳ ውጪ ባገባችው ግብ ብልጫ ኢራን ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገባች። የዳኢ ስም በግብ አግቢዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከ109ኙ መካከል የዚያችን ኳስ ያህል የምትመዝን ጥቂት ናት።

ከወረደ ቡድን ወጥቶ ባየር ሙኒክ መግባት እንደ ሎተሪ ነው። ፊት ለፊቱ ግን ጂዮቫኒ ኤልበር፣ ካርስተን ያንከርና አሌክሳንደር ዚክለር ነበሩ፤ ሂትዝፌልድም ተጫዋች እየቀያየረ የሚያሰልፍ ሰው ነበር። ዳኢ በሊጉ 23 ጊዜ ገባ፤ ብዙውን ጊዜ ተቀይሮ። ስድስት አገባ። የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን ሆነ፣ የቻምፒየንስ ሊጉን ፍጻሜ ተቀምጦ ተመለከተ፣ በዓመቱ መጨረሻም ሻንጣውን ይዞ በርሊን ገባ። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ሠላሳ ዓመት የሞላው አጥቂ ወንበር ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ የለውም።

በርሊን ላይ አዲሱ ክለቡ ሄርታ በቻምፒየንስ ሊጉ ከሚላን፣ ከቼልሲና ከጋላታሳራይ ጋር ተመደበ። ያኔ ቼልሲ በጂያንሉካ ቪያሊ የሚሠለጥን፣ ማርሴል ዴሳይን በተከላካይነት የያዘ ቡድን ነበር። መስከረም 1999 በኦሊምፒያ ስታዲየም ሄርታ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱንም ዳኢ አገባ። በሳምንቱ ሳን ሲሮ ላይ ከሚላን ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ የሄርታን ግብ ያስቆጠረው አሁንም እሱ ነው። ከምድቡ ቼልሲና ሄርታ አለፉ፣ ሚላን መጨረሻ ወጣ። በዚያ ዓመት ዳኢ የእስያ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

እንግዲህ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ያው አጥቂ ለሄርታ በቡንደስሊጋ ባደረጋቸው 59 ጨዋታዎች ያገባው ስድስት ብቻ ነው። ታላላቆቹ ላይ ያገባ ሰው መካከለኛው ቡድን ላይ ለምን ደረቀ?

በእኔ ግምት መልሱ ከግንባሩ ይጀምራል። ዳኢ የቴስታ ሰው ነበር። በእስያ ሜዳ ከአብዛኛው ተከላካይ ይረዝማል፣ ከብዙዎቹም በጉልበት ይበልጣል። ጀርመን ውስጥ ግን የመሀል ተከላካዩ ሁሉ እንደ እሱ ረጅም ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተሻማ ኳስ ሲያወጣ ያደገ ነው። በዚያ ላይ የኢራን ቡድን የሚጫወተው ለእሱ ነበር፤ መሐዲ መሐዳቪኪያ ከቀኝ መስመር የሚያሻማው የዳኢን ራስ ፈልጎ ነው። በርሊን ላይ የጨዋታው መጨረሻ እሱ አልነበረም። የመጣበት ዕድሜም አለ። በ22 ዓመቱ ሄዶ ቢሆን አዲስ አጨዋወት ይማር ነበር፤ በ28 ዓመቱ የሄደ ሰው የሚያውቀውን ይዞ ነው የሚሄደው።

በ2002 ከበርሊን ወጥቶ ለዱባዩ አል ሻባብ ተጫወተ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ገባ። ታላቁ ክብረ ወሰን የተሰበረውም ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 መጨረሻ ላይ የሃንጋሪውን የፈረንጽ ፑሽካሽን 84 ግብ አለፈ። ኅዳር 2004 ላኦስ ላይ አራት አግብቶ መቶ ሞላ፤ በወንዶች እግር ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ላኦስ፣ ማልዲቭስ፣ ኔፓል... እነዚህ ስሞች ዝርዝሩ ውስጥ በርከት ብለው ይገኛሉ፤ ሐሜቱም መሠረት አለው። በሁለት የዓለም ዋንጫዎች፣ በ1998 እና በ37 ዓመቱ በተሰለፈበት በ2006፣ አንድም ግብ አላገባም። ይህን የማይጠቅስ አድናቂ ሙሉውን አልተናገረም።

ጫማ ከሰቀለ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ፣ በ2009 ኢራን በሜዳዋ በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 በተሸነፈች ማግስት ተሰናበተ። በ2022 ኢራን በሰላማዊ ሰልፍ ስትናጥ ከሰልፈኞቹ ጎን ቆመ፤ ለዓለም ዋንጫው ኳታር እንዲገኝ ሲጋበዝም አልሄደም። ቴህራን ያለው የጌጣጌጥ ሱቁና ምግብ ቤቱ ታሸጉ። በታኅሣሥ ወር ሚስቱና ልጁ የተሳፈሩበት ወደ ዱባይ የሚበር አውሮፕላን ኪሽ ደሴት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ እነሱ ወረዱ። ዱባይ፣ አራት ያገባባት ከተማ፣ በዚያ ቀን አልተደረሰባትም።

ክብረ ወሰኑን ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ክርስቲያኖ ሮናልዶ አየርላንድ ላይ ሰበረው፤ ዳኢም ደስታውን ገልጾ ጻፈለት። ከዚያ ወዲህ ሜሲም አልፎታል።

በጀርመን ቆይታ ብቻ ከተመዘነ በኢራን ተጫዋቾች መካከል አንደኛው እሱ አይደለም። ለሃምቡርግ ስምንት ዓመት የተጫወተው መሐዳቪኪያ በእኔ ሚዛን ይበልጠዋል። ከጀርመን ውጪም አሊሬዛ ጃሃንባክሽ በ2017/18 በ21 ግብ የሆላንድ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያኔ ለፖርቶ ይጫወት የነበረው መሐዲ ታሬሚ ደግሞ በ2022/23 የፖርቱጋልን ሊግ በ22 ግብ መራ፤ ይህ ዳኢ ለሦስት ክለቦች ተሰልፎ በቡንደስሊጋ አምስት ዓመት ካገባው በሦስት ይበልጣል።