ፕሮሰሰር ከመግዛት በፊት አቧራ ማራገፍ

የወር ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን ኮምፒዩተሩ ድንገት ድርግም ብሎ የጠፋበት ነጋዴ ጠጋኝ መጥራቱ አይቀርም። ጠጋኙም ሣጥኑን ነካ ነካ አድርጎ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፤ አዲስ ይገዛ» ቢለው፣ ባለ መደብሩ የሚከራከርበት ዕውቀት ስለሌለው ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ከኮምፒዩተር ዕቃዎች ሁሉ በቀላሉ የማይበላሸው ፕሮሰሰሩ ነው። የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ሙቀት ሲሆን፣ የሙቀቱም ሰበብ በጥቂት ብር የሚወገድ አቧራ ወይም የደረቀ ቅባት ሆኖ ይገኛል።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደው ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት የድሮውን የ60 ዋት አምፑል ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ያውም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይሰፋ ቁራጭ ላይ። ይህን ሙቀት ከላዩ የተጫነው ባለ ክንፍ ብረት ይቀበላል፣ በመካከላቸው የተቀባው ቅባት ያስተላልፋል፣ ማራገቢያው ደግሞ ገፍቶ ያስወጣል። ከሦስቱ አንዱ ሲሰንፍ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ድሮ እንዲህ ያለው ጉድለት ፕሮሰሰሩን በእርግጥ ይገድለው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒዩተር ዕቃ መርማሪ ድረ ገጽ ማቀዝቀዣቸውን እያነሣ በሞከራቸው ጊዜ አትሎን ፕሮሰሰር ጭሶ ሲቃጠል፣ ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጥሏል። ዛሬ ሁሉም አምራቾች ይህን መከላከያ ያስገባሉ። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። በመሆኑም የዛሬው ኪሳራ ከመቃጠል ይልቅ በዝግታ የሚመጣ ነው፤ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውም ጥቂት አይደለም።

ሙቀት የራሱ ምልክት አለው። ጠዋት ደህና የተነሣ ማሽን ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ይንቀረፈፋል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ጥቂት አርፎ ሲከፈት ደግሞ ደህና ይመስላል። ገና በጠዋቱ ሳይሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩን ወይም የመሥመሩን ኤሌክትሪክ መጠርጠር ይሻላል። ለማረጋገጥ ማሽኑ ሲነሣ «ዴል» ወይም «ኤፍ 2» ተጭኖ ባዮስ ውስጥ መግባትና የሙቀቱን ቁጥር ማንበብ ነው። ሥራ ሳይዝ ከ70 ዲግሪ በላይ የሚያሳይ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መከፈት አለበት። በከባድ ሥራ ላይ 80 ቢደርስ ግን አያስደነግጥም። ላፕቶፕ በባሕርዩ ከዚህም ይሞቃል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሯ ከወደብ ከተሞች አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። በዚያው ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ እዚህ የሚገፋው ሙቀት ያነሰ ነው ማለት ነው። ቅዝቃዜዋ ይህን ቢያካክስም፣ የመርካቶ አቧራ ሲጨመርበትና ሣጥኑ ጠረጴዛ ሥር ከግድግዳ ተጣብቆ ዳንቴል ሲለብስ ማካካሻው ያልቃል። ዳንቴሉ ማሽኑ ሲጠፋ ይልበስ እንጂ እየሠራ መሸፈን የለበትም።

ጽዳቱ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ በክንፎቹ መካከል ያለው አቧራ በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ ይወጣል። ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የዚያ ንፋስ ውኃና ዘይት ይዞ ስለሚመጣ ቦርዱን ሊያበላሽ ይችላል። ከጽዳት በኋላ ሙቀቱ ካልወረደ ብረቱ ተነሥቶ የደረቀው ቅባት በአልኮል ይጠረጋል፣ ከአተር ያነሰ አዲስ ቅባት መሐል ላይ ይደረጋል። ቅባት ማብዛት አይጠቅምም፤ ሥራው ጥቃቅኑን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው።

ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ማሽኑን ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራትና ባዮስ ማስከፈት ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሣጥኑ ይከፈት። በብዙ የኢንቴል ማቀዝቀዣዎች ላይ ብረቱን የሚይዙት አራት የፕላስቲክ ሹሎች በጭነት ሲንገላቱ ይላቀቃሉ፤ አንዱ እንኳ ከተነሣ ብረቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር እኩል አይገጥምም። ሻጩ እዚያው በጣቱ ተጭኖ ሊመልሰው ይችላል፤ ሹሉ የተሰበረ ከሆነ ግን የማቀዝቀዣው ዋጋ ከሒሳቡ ላይ መቀነስ አለበት።