ሞተሩን ያፈላው የአዳማ ፀሐይ ነውን?

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባለመኪና ሞተሩ ሲፈላበት በመጀመሪያ የሚከሰው ፀሐይን ነው። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ቀላል ነው አንልም። ይሁን እንጂ በዚያው በአዳማ አልፈው ጅቡቲ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች የአፋርን ሐሩር ችለው ያልፋሉ። እንግዲህ ፀሐይዋ የተደበቀውን ሕመም ትገልጠዋለች እንጂ አታመጣውም።

ስለዚህ መካኒኩ አስቀድሞ የሚጠይቀው፦ «የሚሞቀው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ባጃጅ በበዛበት የከተማ መንገድ ቆሞ ሲጠብቅ ሞቆ፥ ሲሮጥ የሚበርድ እንደ ሆነ ጥርጣሬው በማራገቢያው ላይ ይወድቃል፤ ሲሮጥ የማራገቢያውን ሥራ ነፋሱ ይሠራለታልና። በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው የፍጥነት መንገድ ሽቅብ ሲወጣ ብቻ የሚሞቀው ግን ነፋስ አላነሰውም። ራዲያተሩ በዝገት ወይም በአቧራ ተደፍኖ፥ ቴርሞስታቱ በሙሉ አልከፈት ብሎ፥ ወይም የውኃ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚንቀው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዳማ ከፍታ በ95 ገደማ፥ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። ሞተር በደኅናው ጊዜ የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ውኃውን አፍኖ የመፍያውን ልክ ከ110 በላይ ባያደርሰው ኖሮ ያን ዳገት ሳይፈላ የሚወጣ መኪና ባልተገኘ ነበር። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን እያለ ራዲያተር የሚለውጥ አለ፤ ራዲያተር ሻጮች አይቀየሙን።

ውኃው ሳይንጠባጠብ እየጎደለ፥ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የሚተፋ፥ ዘይቱም ወተት የመሰለ እንደ ሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ ሳይበላ አልቀረም። እንዲህ ያለውን መኪና «ቀስ ብዬ ልድረስ» እያሉ መንዳት ቴስታታውን ያጣምመዋል።

ከሁሉ የከፋው መንገድ ዳር አቁሞ ክዳኑን ወዲያው መክፈት ነው። የታፈነው ውኃ ክዳኑ በተነሣበት ቅጽበት ገንፍሎ ፊትና እጅ ይቀቅላል። ሞተሩን አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ፥ የላይኛው ቱቦ መቀዝቀዙን ካረጋገጡ በኋላም ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ በቀስ ማላላት ይገባል። በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይጨመርም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።